ታፔላው ላይ የተሰቀለው በግ

ፋሲካ ካለፈ የበግ ወሬ ያበቃል ብለን ነበር፣ ግን በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ በግ ናቸው፣ ያውም ስለሚበላው ሳይሆን ስለሚለበሰውና ታፔላ ላይ ስለሚሳለው። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አሳድረን በጉን እንጨርሰው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ የምሰራው ቨርጂኒያ ውስጥ የወንዶች ልብስ መሸጫ ነው። ከምንሸጣቸው ውስጥ ብሩክስ ብራዘርስ አለ፣ ሎጎው ደሞ ወገቡ ላይ በሪባን ታስሮ የተንጠለጠለ በግ ነው። አንድ ቀን አንድ ሀበሻ ደንበኛ መጥቶ «ይሄ እኮ ታርዶ ሊገፈፍ የተሰቀለ ነው፣ እንዴት ልብስ ላይ ያደርጉታል» ብሎ ሸሚዙን ትቶት ሄደ። ከዛ ቀን ጀምሮ ባየሁት ቁጥር ቢላዋ ነው የሚታየኝ። ነገሩ ምንድነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደንበኛሽ ግማሹን አግኝቶታል። በጉ በርግጥ ታርዷል፣ የተሰቀለው ግን ለሉካንዳ አይደለም። በግሪኮች ተረት ፍሪክሰስ የሚባል ልጅ እንጀራ እናቱ ልታስገድለው ስትል ጸጉሩ ወርቅ የሆነ ክንፋም በግ መጥቶ ጀርባው ላይ ጭኖት ኮልኪስ ድረስ ይዞት በረረ፣ ኮልኪስ የዛሬዋ ጆርጂያ ናት፣ የካውካሷን ማለቴ ነው፣ አትላንታ ያለችበትን አይደለም። ልጁ በሰላም ሲደርስ ምን አደረገ? ያዳነውን በግ ለአማልክት ሰዋው! ለምዱን ደሞ ዛፍ ላይ ሰቀሉትና ዘንዶ ጠባቂ አቆሙለት፣ በኋላ ጄሰን የሚባለው ጀግና አርጎ በምትባል መርከብ ጓደኞቹን ጭኖ ሄዶ የወሰደው ይሄንን ለምድ ነው።

እሺ፣ ተረቱ ሸሚዝ ላይ እንዴት ደረሰ? በ1430 የቡርገንዲው መስፍን ፊሊፕ ፖርቱጋላዊቷን ኢዛቤላን ሲያገባ ብሩዥ ላይ (የዛሬዋ ቤልጂየም ውስጥ ናት) የወርቃማው ለምድ የሚባል የባላባቶች ማዕረግ አቋቋመ፣ መጀመሪያ 24 ባላባቶች ነበሩ፣ አንገታቸው ላይ የሚያጠልቁት የወርቅ ሀብል ጫፍ ላይ ወገቡ ላይ የተያዘ በግ ይንጠለጠላል፣ ጭንቅላቱና እግሮቹ ወዲህና ወዲያ ወርደው። አንቺ ሸሚዙ ላይ የምታዪው አሰቃቀል ይሄው ነው፣ ሀብል ላይ ስለሚንጠለጠል ነው እንደዛ የሆነው። ብሩዥ ያለችበት ፍላንደርስ ደሞ ስሟም ሀብቷም የሱፍ ጨርቅ ነበር፣ ስለዚህ መስፍኑ የጀግናውን ተረት አወራም አላወራም፣ ሸማኔውና ነጋዴው ያን በግ ሲያይ የገዛ እንጀራውን ነው ያየው።

ከዛ በኋላ ለንደን ያሉ ሱፍ ጨርቅ ቸርቻሪዎች ያንኑ በግ ከእንጨት ቀርጸው፣ ወርቅ ቀብተው በራቸው ላይ ሰቀሉት። ያኔ የቤት ቁጥር የሚባል ነገር የለም፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነው፣ እና ሰው አድራሻ ሲሰጥ «እንትን መንገድ ላይ፣ ወርቃማው ለምድ ያለበት ቤት» ነው የሚለው፣ እኛ አዲስ አበባ ላይ «ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» እንደምንለው ማለት ነው። ደሞ ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም እኮ፣ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ያየ ሰው ጠላ ቤት መሆኑን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም። ጣሳው ጠላ አለ ይላል፣ በጉ ሱፍ አለ ይላል፣ አለቀ።

ችግሩ ነጋዴ ሲባል መፎካከር ስለማይተው ታፔላው በየዓመቱ እየገዘፈ ሄደ፣ ከባድ ብረት ላይ እየሰቀሉ መንገዱን መሃል ድረስ አለበሱት፣ በንፋስ ይንቋረራል፣ ብርሃን ይከልላል፣ በ1718 አንደኛው ታፔላ ከክብደቱ የተነሳ የቤቱን ፊት ለፊት ግድግዳ ይዞ ወድቆ 4 ሰው ገደለ። በመጨረሻ ከ1762 ጀምሮ እየተነቀለ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደረገ፣ በሱ ምትክ የቤት ቁጥር መጣ። ስራ የፈታው በግ ታዲያ ወረቀት ላይ ወረደ፣ ደረሰኝና የሱቅ ካርድ ላይ መታተም ጀመረ። ብሩክሶች ኒው ዮርክ ላይ ሱቃቸውን የከፈቱት በ1818 ነው፣ በጉን ምልክታቸው ያደረጉት ደሞ በ1850፣ ማለትም የነሱ ፈጠራ አይደለም፣ የሰፈሩን የድሮ ታፔላ ነው ያነሱት። ደንበኛሽ ሲመለስ ይሄን ንገሪውና ሸሚዙን ሽጪለት።

ጥያቄ፦ ፍሎረንስ ነው የምማረው። ኦርሳንሚኬሌ ከሚባለው ቤተክርስቲያን አጠገብ አንድ የድሮ ግንብ አለ፣ ግድግዳው ላይ ባንዲራ የያዘ በግ ተቀርጿል። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ስታየው «የእግዚአብሔር በግ!» ብላ አማተበች፣ ልትሳለመውም ሄደች። አስጎብኚው ግን የነጋዴዎች ማህበር ምልክት ነው አለን። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም። እናትህ ያየችው በርግጥ «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» የተባለለት በግ ነው፣ ባንዲራውም የትንሣኤ ባንዲራ ነው። አስጎብኚውም አልዋሸም፣ ግንቡ የሱፍ ማህበሩ ቤት ነው፣ አርቴ ዴላ ላና ይሉታል፣ በ1308 የተሰራ። ማህበር ስልህ እንደ ጽዋ ማህበር እንዳይመስልህ፣ ማን ጨርቅ ይሰራ፣ በስንት ክር ይሸመን፣ በምን ይቀለም፣ ደሞዝ ስንት ይሁን የሚወስን፣ የራሱ ዳኛ ያለው፣ ያጭበረበረውን የሚቀጣ ትልቅ ባለስልጣን ነው።

የስራውን ስፋት ለመገመት የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊ ጆቫኒ ቪላኒ ስለ 1338 የጻፈውን ልንገርህ፦ ከ200 በላይ ወርክሾፕ፣ በዓመት ከ70,000 እስከ 80,000 ጣቃ ጨርቅ፣ በዚህ ስራ የሚኖር ከ30,000 በላይ ሰው። ነጋዴ ቁጥር ሲጠራ ትንሽ ያብጣል፣ ቪላኒም ራሱ ነጋዴ ነበር፣ ግን ግማሹን እንኳን ብንወስድ ለዛ ዘመን ጉድ ነው።

እና በጉ ለምን? እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። ካሊማላ የሚባል ሌላ ማህበር ነበር፣ እነሱ ደሞ ከፈረንሳይና ከፍላንደርስ ያለቀ ጨርቅ አስመጥተው ቀለምና አጨራረሱን አሳምረው የሚሸጡ ናቸው፣ ምልክታቸው በገመድ የታሰረ የጨርቅ እስር ላይ የቆመ ንስር ነው። አየኸው ልዩነቱን? አስመጪው እስሩን አሳየ፣ አምራቹ በጉን አሳየ። «እኔ ከጸጉሩ ጀምሬ ነው የሰራሁት» ማለት ነው። ከዛ በላይ ደሞ በጉ ቅዱስ በግ ሲሆን፣ ጨርቁ ላይ ማጭበርበር ትንሽ እንደ ሀጢአት ያስመስለዋል፣ በዛ ላይ እሱን መጠርጠርም ይከብዳል። የኛ ሰው ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ አይቶ የሚገባው ለምንድነው? ሥጋው ጥሩ ይሁን አይሁን ምልክቱ አይነግረውም፣ ማን እንደባረከው ግን ይነግረዋል፣ እሱ ይበቃዋል።

የሱፍ ማህበሩ በ1331 የካቴድራሉን ግንባታ የመቆጣጠር ኃላፊነት ስለተሰጠው በጉ ትልቁ ቤተክርስቲያንም ላይ አለ፣ ቀና ብለህ ፈልገው። ባይ ዘ ዌይ፣ በ1441 በኢየሩሳሌም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤ ፍሎረንስ መጥተው ነበር፣ የካቴድራሉ ጉልላት ከተደመደመ 5 ዓመቱ ነው፣ ይቺን ባለባንዲራ በግ ሲያዩ እንደ እናትህ አማትበው ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፣ በጉን ጸጉሩን የሚያበጥሩት፣ የሚያጥቡት፣ ዘይት የሚቀቡት ሰራተኞች ማህበሩ ውስጥ መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር፣ በማህበሩ ዳኛ ይቀጣሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም። በ1378 ቾምፒ የተባሉት እነዚህ ሰዎች አምጸው ከተማውን ያዙ፣ ሚኬሌ ዲ ላንዶ የሚባል ከነሱ የወጣ ሰው የመንግስቱ ቁንጮ ሆነ፣ የራሳቸውን ማህበርም አቋቋሙ፣ ግን ያው ብዙም ሳይቆይ ማህበራቸው ፈረሰ። ግድግዳው ላይ ያለው በግ የባለሱቆቹ በግ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ «ከሁሉ በፊት በግን በምልክት የሳለው ማን ነው?» አለኝ። ዝም ብዬ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት።

መልስ፦ ዋሻ ግድግዳ ላይ የተሳለውን ትተን ለንግድና ለሂሳብ ከሆነ፣ ኡሩክ በይው፣ የዛሬዋ ኢራቅ ውስጥ። ከ5,000 ዓመት በፊት የቤተመቅደስ ጸሐፊዎች ጭቃ ላይ በግ ሲመዘግቡ የሚጠቀሙት ምልክት ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ መስቀል ያለበት ነው። ልክ ድፎ ዳቦ ላይ እንደሚደረገው። ቀንድ የለ ጅራት የለ፣ ግን በግ ነው፣ ሁሉም ተስማምቶበታል።

እዛው ኢራቅ ውስጥ ኑዚ ከሚባል ቦታ ደሞ ልጅሽ የሚወደው ነገር ተገኝቷል፣ ወደ 3,500 ዓመት የሚጠጋው እንቁላል የመሰለ ውስጡ ክፍት የጭቃ ኳስ፣ ላዩ ላይ «የወለዱ እናት በጎች 21፣ ትላልቅ ወንዶች 8» እያለ ጠቦቶቹንም ፍየሎቹንም የሚዘረዝር ጽሑፍና የእረኛው ማኅተም፣ ውስጡ ደሞ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ አንድ ጠጠር። እረኛው ማንበብ አይችልም፣ ጠጠሩን ግን መቁጠር ይችላል፣ ባለቤቱም «ሁለት በግ ጎደለ» ብሎ ሊያታልለው አይችልም። ሮማውያንም ገንዘብን ፔኩኒያ ያሉት ፔኩስ ከሚለው፣ ከብትና በግ ከሚለው ቃል አውጥተው ነው።

ጥያቄ፦ ትውልዴ መንዝ ነው፣ አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ልጅ ሳለሁ በግ ጠብቄአለሁ፣ እናቴም ጸጉሩን ፈትላ ለሸማኔ እየሰጠች ዝተት ታሠራ ነበር። እንግሊዝ አገር ያለው ልጄ በስልክ «አባዬ፣ እዚህ የላይኛው ምክር ቤት ሰብሳቢ የሚቀመጡት የበግ ጸጉር ጆንያ ላይ ነው» ሲለኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ተቆጣሁት። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እኛም በግ አለን፣ እነሱን ብቻ ምን አበለጸጋቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁት። እውነት ነው። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ዘመን ጀምሮ የተለመደ ነው ይባላል፣ አገሪቱ በምን እንደቆመች ማንም እንዳይረሳ ሰብሳቢውን የሱፍ ጆንያ ላይ አስቀመጡት፣ ጀርባ መደገፊያ የሌለው ትልቅ ቀይ ትራስ ነው። የሚያስቀው በ1938 ለጥገና ሲከፍቱት ውስጡ ያገኙት የበግ ጸጉር ሳይሆን የፈረስ ጸጉር ነው! ደንግጠው ከእንግሊዝና ከግዛቶቹ ባመጡት የበግ ጸጉር እንደገና ሞሉት። መቼም ማን እንደቀየረው አይጠየቅም።

ወደ ሀብቱ ስንመጣ፣ የመንዝ በግ ጸጉር ጠንካራ ነው፣ ለበርኖስ፣ ለባና፣ ለምንጣፍ ይሆናል፣ ብርድ ይችላል፣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። የእንግሊዞቹ ግን ለቀጭን ውድ ጨርቅ የሚሆን ነበር፣ ደሞ ባህሩን ተሻግሮ ፍላንደርስ ላይ ያን ጸጉር ካላገኘ ስራ የሚፈታ ሸማኔ ሞልቷል። በግ ስላለ ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ገዢው በጀልባ ጥቂት ቀን ርቀት ላይ ስለነበር ነው። ገዳማቱ ሺህ በሺህ በግ ያረባሉ፣ ለጣሊያን ነጋዴዎች ገና ያልተሸለተውን የሚቀጥሉትን ዓመታት ጸጉር ሳይቀር አስቀድመው ይሸጣሉ (አንዳንዶቹም በዚሁ ዕዳ ውስጥ ገብተዋል)። በ1304 እና በ1305 መካከል ባለው አንድ ዓመት ብቻ ከ46,000 ጆንያ በላይ ወጥቷል፣ አንዱ ጆንያ 364 ፓውንድ ነው፣ 165 ኪሎ ገደማ፣ እሱን ለመሙላት ከ200 በላይ በግ መሸለት ይጠይቃል። ንጉሡም ቀረጡን ከዚሁ ነው የሚሰበስበው፣ ለመሰብሰብ እንዲመች በ1363 ወደ ውጪ የሚላከው ጸጉር በሙሉ ካሌ በምትባል አንድ ወደብ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፣ ካሌ ያኔ የእንግሊዝ ይዞታ ነበረች።

እነዚህ ጅምላ ነጋዴዎች እንደ ለንደኖቹ ቸርቻሪዎች ታፔላ አይሰቅሉም፣ መንገደኛ ገብቶ አይገዛቸውም እኮ። ማስታወቂያቸው የቤተሰብ ምልክት ነበር፣ በጥቂት መስመር የሚሳል፣ መስቀልና የስም ፊደል የተቀላቀለበት፣ ጆንያው ላይ ይሳላል፣ ቀለበት ማኅተም ላይ ይቀረጻል፣ እኛ አገር ከብት ላይ በጋለ ብረት እንደሚተኮሰው ነው፣ ብራንድ የሚለው የፈረንጅ ቃልም የመጣው ከማቃጠል ነው። ሲሞቱ ደሞ መቃብራቸው ላይ ይደረጋል። የኮትስወልድ አካባቢ ቤተክርስቲያኖች በእነዚህ ሰዎች ገንዘብ የተሰሩ ናቸው፣ ልጅዎ ቅርብ ከሆነ ሄዶ ይይ፦ ኖርዝሊች ላይ በ1458 የሞተው ጆን ፎርቴ በነሐስ ተቀርጿል፣ አንድ እግሩ በግ ላይ፣ አንድ እግሩ የሱፍ ጆንያ ላይ ቆሞ። ቺፒንግ ካምደን ላይ በ1401 የሞተው ዊሊያም ግሬቭል ደሞ መቃብሩ ላይ «የመላው እንግሊዝ የሱፍ ነጋዴዎች አበባ» አስብሏል፣ ያውም በላቲን። ሙት ሆኖም ገበያ አይለቅም! እኔ ግን የምወደው ጆን ባርተንን ነው፣ ኖቲንግሃምሺር ውስጥ ቤት ሰርቶ መስኮቱ ላይ ሁለት መስመር ግጥም አስጻፈ፣ እንዲህ ቢባል ይቀርበዋል፦

አምላኬ ተመስገን፣ ዛሬም ለዘላለም፣
ሁሉን የከፈለው ከበጌ ሌላ የለም።

አንዱም ግን ጨርሶ ጻድቅ አልነበረም። የሴሊ ቤተሰብ የሚባሉ የሱፍ ነጋዴዎች በ1470ዎቹና በ1480ዎቹ የተጻጻፉት ደብዳቤ ዛሬም አለ፣ ካሌ ላይ ያለው ወኪላቸው አንዴ የጻፈላቸው እንዲህ ነው፦ ተቆጣጣሪው ከጭነታችን አንዱን እስር ለናሙና መረጠ፣ የመረጠው ቁጥር 24 ሆነና ውስጡ መጥፎ ጸጉር አለበት፣ ስለዚህ በድብቅ ቁጥር 8ን አወጣሁና ጸጉሩን አለዋውጬ ምልክቱን ቀየርኩት፣ አሁን የሚታየው ጥሩ ነው። በቃ ይሄው ነው። ምልክት የሚከበረው ሰው ስለሚያምነው ነው፣ የሚያምነው ነገር ደሞ ለማጭበርበር ይመቻል፣ ላዩ ላይ የሰቡ የሚመስሉ በጎች ጨው በልተው ውሃ ጠጥተው ለበዓል ገበያ ሲቀርቡ እርስዎም አይተው ያውቃሉ መቼም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ተከራክረን ነው። ባለቤቴ «እንግሊዝ አገር ድሮ ሬሳ በሱፍ ካልተከፈነ ቤተሰቡ ይቀጣ ነበር» ይላል። ውሸቱን ነው አይደል?

መልስ፦ ተሸንፈሻል፣ ቡና አፍዪለት። የሱፍ ገበያ ቀዝቅዞ፣ ከውጪ የሚገባ በፍታ እየበዛ ሲመጣ ፓርላማው በ1666 ሰው ሁሉ ሲሞት በበግ ጸጉር ጨርቅ ብቻ እንዲቀበር ሕግ አወጣ፣ ሰው ችላ ሲለው በ1678 አጠነከሩት፦ ከቀብሩ በኋላ አንድ ሰው ሬሳው በሱፍ መከፈኑን በመሐላ ማረጋገጥ አለበት፣ ካልሆነ 5 ፓውንድ ቅጣት፣ በወረርሽኝ የሞተ ብቻ ነው የሚቀረው። በገበያ ታሪክ እንዲህ ያለ ደንበኛ ያገኘ ነጋዴ የለም፣ አይከራከር፣ አይመልስ፣ ሁሉም አንድ ቀን ይመጣል። በወረቀት ላይ ሕጉ እስከ 1814 ቆይቷል።

ሀብታሞቹ ታዲያ በፍታ ለብሶ መቀበሩን እንደ ክብር ይዘውት ቅጣቱን እየከፈሉ ይቀበሩ ነበር። ቅጣቱ ደሞ ግማሹ ለድሃ፣ ግማሹ ለጠቋሚው ስለሆነ አንዳንድ ቤተሰብ ከራሱ ዘመድ ወይም ከቤት ሰራተኛ አንዱን «ሂድና ጠቁምብን» ብሎ ይልካል፣ ሁለት ፓውንድ ተኩሉ እዛው ቤት ይመለሳል።